መንገድ ከፋችና ቦይ ጠራጊ

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መባቻ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማቸውን ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ከሠራዊቱ ጋር የሚጎተተው ጭነት በአገሩ ታይቶ የማይታወቅ ነበር፤ ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ ቀልጠው የተሠሩ መድፎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል። ዛሬ መኪና በአንድ ቀን የሚጨርሰው ጉዞ ያን ሠራዊት አምስት ወር ተኩል ፈጀበት። ሴባስቶፖልን የሚያሳልፍ መንገድ ስላልነበረ ሠራዊቱ እየሠራ ይሄዳል፣ እየሄደ ይሠራል።

ከዚያ በፊት በደጋው ላይ መንገድ ማለት እግርና ኮቴ የደበደበው ቀጭን መስመር ነበር። በቅሎና አህያ ካለፉበት በቂ ነው። ከአንድ በቅሎ ጭነት በላይ የሚሰፋ መንገድ ማንም አያስፈልገውም፤ ነጋዴውም ዘማቹም ገደሉን የሚወርደው ተራ በተራ ነው። ክረምት ሲገባ ጉዞው ይቆማል፣ ወንዙ ሲጎድል ይቀጥላል። ሠረገላና መድፍ ግን ስፋት ይሻሉ፤ መንገዱ ዳገቱን ሰብሮ እንዲዞር፣ ረግረጉ በድንጋይ እንዲሞላ፣ አለቱ እንዲፈለጥ ይጠይቃሉ። ደብረ ታቦርን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ በመንገድ የማገናኘት ሐሳብ ለቴዎድሮስ የመጣው ከዚህ ፍላጎት ነው።

ሥራውን ያሠሩበት የነበረውም መንገድ ሌላ ንጉሥ ያላደረገው ነው። በመቅደላ እስረኛ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ እንደተረከው፣ ንጉሡ ከንጋት እስከ ምሽት ከሠራዊታቸው ጋር ይውላሉ፤ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው እያነሡ ጉድጓዱን ይሞላሉ፣ መሬቱን ይደለድላሉ። እሳቸው እያሉ ማንም ሥራውን ጥሎ አይሄድም፤ ምግብና ዕረፍትም የሚያስብ የለም። ዤጣ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርሱ ቁልቁለቱ 1,000 ሜትር ገደማ ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ከፊት ሲስቡ የነበረውን መድፍ አሁን ከኋላ በገመድ ይዘው ማውረድ ነበረባቸው። ከዤጣ ወጥተው ደላንታን እንዳቋረጡ የበሽሎ ገደል ይጠብቃቸዋል፤ ያንኑ ሥራ እንደገና ይጀምራሉ።

ሠራዊቱ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ከኋላ ተከትሎ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ዤጣንና በሽሎን የተሻገረው ቴዎድሮስ በከፈቱት በዚሁ መንገድ ነበር። ከጦሩ ጋር የነበረው የጂኦግራፊ ሰው ክሌመንትስ ማርክሃም አሠራሩን አድንቆ ጽፏል። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ ሞቱ፤ እንግሊዞችም በመጡበት ተመለሱ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። መንገዱ ግን ባለቤት አልነበረውምና ከጥቂት ክረምት በኋላ ወደ በቅሎ መሄጃነት ተመለሰ።

የደቡብ ጎንደር ደጋ የመንገድ ታሪክ ከዚህ በኋላም በተለያየ መልክ ራሱን ደጋግሟል። መንገድ የሚከፍት ባለሥልጣን በየዘመኑ ታውቆ ይኖራል፤ ቦዩን የሚጠርገው፣ የተናደውን የሚመልሰው፣ የሰመጠውን የሚሞላው ማን እንደሆነ ግን በየዘመኑ እንደ አዲስ ይጠየቃል። ደብረ ታቦር በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ወራት ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ነው። ውኃው መውረጃ ካላገኘ መንገዱን ራሱን መውረጃ ያደርገዋል።

በገጠሩ ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ ነበረ። የእርሻና የቤት ሥራ በወንፈልና በደቦ ይሠራል፤ ዛሬ ለእኔ ከሠራህ ነገ ለአንተ እሠራለሁ ነው ነገሩ። የጋራ ሥራ ሲሆን ግን የሚጠራው ሌላ ሰው ነው። የመንደሩ ሹም፣ ጭቃ ሹሙ፣ ግብር እንደሚሰበስብ ሁሉ ጉልበትም ይሰበስባል፤ ሹመቱ በብዙ የበጌምድር ቦታ በርስት ባለቤቶቹ መካከል ይዞር ነበር። ዘንድሮ ጎረቤቱን ለሥራ ያስወጣ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ዶማ ይዞ ይወጣል። ከክረምት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን መንገድ ማቅናት፣ የወንዝ መሻገሪያውን መደልደል፣ ታቦት የሚያልፍበትን ጎዳና ለጥምቀት መጥረግ ያለ ደመወዝ የሚሠራ የአጥቢያ ሥራ ነበር። ጥምቀት ሲደርስ ወጣቶች ጎዳና የሚጠርጉበት ልማድ ዛሬም በከተሞቹ አለ።

ይህ ልማድ አንድ ድክመት ነበረው። የአጥቢያ ጉልበት እስከ አጥቢያው ወሰን ብቻ ይደርሳል። ሁለት አገር የሚያገናኝ ድልድይ ሲሆን ደግሞ ከጉልበት ሌላ ኖራ፣ ግንበኛና ገንዘብ ይጠይቃል።

ይህን በግልጽ የሚያሳየው በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራው ይህ ድልድይ የደቡብ ጎንደሩን የእንዳቤት አካባቢ ከጎጃሙ ሞጣ ጋር ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ ተሰበረ ይባላል። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሰው የራሱን ዘዴ ፈጠረ፦ በዚህና በዚያ ጫፍ የቆሙ ሰዎች ገመድ ይወረውራሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ ከገደሉ በላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ገበያ የሚወርድ፣ ሐኪም የሚፈልግ፣ ልጁን ለመዳር የሚሄድ ሁሉ በዚህ መልክ ሲሻገር ከ60 ዓመት በላይ አለፈ። ጉልበት ሞልቶ ነበር፤ ብረትና ሲሚንቶ ግን አልነበረም።

የገመዱ ሥራ በፎቶግራፍ ተነሥቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ያንን ያየው አሜሪካዊው የሕንፃ ተቋራጭ ኬን ፍራንትዝ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ስብራቱ በብረት ተገጠመ። ቁሳቁሱን በአህያና በትከሻ ወደ ገደሉ ያወረደው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ዓባይ ሞልቶ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከጎርፉ በላይ ከፍ ብሎ ሌላ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ወደ ደብረ ታቦር ሲመለሱ፣ የጣሊያኑ አዛዥ የስታራቼ ጦር ሚያዝያ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ያዘ። ጣሊያን በአገሩ ላይ የዘረጋው መንገድ ወታደራዊ ነበር፤ ካምዮን እንዲያልፍ፣ ምሽግ ከምሽግ እንዲገናኝ። የደብረ ታቦር ምሽግ ሰኔ 29 ቀን 1933 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ ኢትዮጵያ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መንገድ ወረሰች፤ መንገዱን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ግን አልነበራትም። በአሥር ዓመት ውስጥ ብዙው እየተቦረቦረ ሄደ፤ ድልድዩ ተሰበረ፣ የውኃ ማሳለፊያው ፉካ በደለል ተደፈነ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ቀዳሚ ሥራው አዲስ መንገድ መክፈት ሳይሆን የተበላሸውን መመለስና መጠበቅ ነበር። የዓለም ባንክ በአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ የሆነው 5 ሚሊዮን ዶላርም የወጣው ለዚሁ ነው።

የባለሥልጣኑ ኃላፊነት አውራ ጎዳናው ላይ ያበቃል። ከአውራ ጎዳናው ወደ ሰፈር የሚገባው መንገድ የማን ነው? ለዚህ መልስ የሰጠው ቀደም ብሎ በመጋቢት 1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ነው። አዋጁ አዲስ አበባንና ጎንደርን በማዘጋጃ ቤትነት፣ ሌሎችን በርካታ ከተሞች ደግሞ ዝቅ ባለ ደረጃ ለይቶ፣ የከተማ መንገድን፣ ውኃን፣ መብራትንና ጽዳትን የከተማ ሥራ አደረገ። በምክር ቤቱ ከመንግሥት ተወካዮች ጋር የሚቀመጡት ነዋሪዎች የሚመረጡት ከቤትና ከቦታ ባለቤቶች ነበር። ጭቃ ሹሙ በጉልበት ያስከፍል የነበረውን ማዘጋጃ ቤቱ በገንዘብ ማስከፈል ጀመረ፤ የቦታ ግብር፣ የገበያ ቀረጥ፣ የፈቃድ ክፍያ። ከፋዩ ግዴታውን ጨርሷል፤ ጭቃው ግን ከደጃፉ አልወጣም፤ የትንሽ ከተማ ገቢ ከጸሐፊና ከጥበቃ ደመወዝ አልፎ ሰፈር ለሰፈር ጠጠር ለማልበስ አይበቃምና።

ይህ ጥያቄ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1555 የወጣ ሕግ እያንዳንዱ የአጥቢያ ነዋሪ በዓመት አራት ቀን ያለ ክፍያ መንገድ እንዲሠራ አስገድዶ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ስድስት ቀን ሆነ። ሕጉ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1835 ነው። ለሦስት ክፍለ ዘመን ያህል ሰዉ ወደ ሥራው እየዘገየ ይመጣል፣ ሀብታሙ በራሱ ፈንታ ሌላ ይልካል፣ የአጥቢያው ተቆጣጣሪ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር መጣላት አይፈልግም። የጭቃ ሹምን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

ለደብረ ታቦር ትልቁ ለውጥ የመጣው በሌላ በኩል ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤይጂንግን ከጎበኙ በኋላ ቻይና ወረታን ከወልዲያ የሚያገናኝ መንገድ ለመሥራት ተስማማች። ሥራው በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ፣ ንጉሡ ወርደው ደርግ ከመጣ በኋላ በ1970ዎቹ አጋማሽ አለቀ። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ ጠጠር መንገድ ከፎገራ ሜዳ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ከዚያ በጋሳይ፣ በክምር ድንጋይ፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወደ ጋሸና ይዘልቃል። የአካባቢው ሰው ዛሬም የቻይና መንገድ ይለዋል። ካርታውን ለተመለከተ ሰው፣ እስከ ዋድላ ድረስ የሚከተለው ሴባስቶፖል ያለፈበትን አቅጣጫ ነው። የገደሉ አቀማመጥ ለዶዘርም ለመድፍ ጎታችም ብዙ ምርጫ አይሰጥም።

ልዩነቱ ከመንገዱ መከፈት በኋላ በመጣው ነገር ነው። በዚህ መንገድ ላይ የጥገና ሠራተኛ ተመደበ፤ ግሬደር ከክረምት በኋላ እየወጣ የተቦረቦረውን ይደለድላል፣ የቀን ሠራተኛ በአካፋ ፉካ ይጠርጋል። መንገዱ አስፋልት እስኪለብስ ድረስ ለብዙ ዓመታት የቆየው በዚህ ነው። የቻይና መሐንዲስም ሆነ የአውራ ጎዳና ግሬደር ግን ወደ ከተማዋ የውስጥ ሰፈሮች አይታጠፍም።

ወደ ውስጥ የገባው ቀበሌ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራትን አቋቋመ። ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤቶችን ኪራይ ቀበሌው ይሰበስባል፤ በገንዘቡ መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያና መሰል አገልግሎት እንዲያቋቁም ተፈቀደለት። በወረቀት ላይ ሲታይ የሰፈር ገንዘብ ለሰፈር ሥራ ሊውል ነው። ግን ያው አዋጅ ከ300 ብር በታች የሆነውን ኪራይ ቀነሰ። ተከራዩ ተደሰተ፤ ቀበሌው ደግሞ ጣራ ለመጠገን እንኳ የማይበቃ ገቢ ይዞ ቀረ። የጎደለውን የሞላው ጉልበት ነው። የጽዳት ዘመቻ፣ የቦይ ቁፋሮ፣ የድንጋይ ለቀማ በስብሰባ ይታወጃል፤ በእሑድ ጠዋት ባሬላና ዶማ ይዞ ያልወጣ በስም ይመዘገባል። የቀበሌ ማኅተም ለራሽን ካርድም ለመታወቂያም ያስፈልጋልና ስሙ እንዲመዘገብ የሚፈልግ አልነበረም። ሥራው ይሠራል፤ ሰው ግን ቦዩን የራሱ አድርጎ አያየውም።

በገጠሩ ደግሞ ጉልበት ዋጋ ወጣለት። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍትኔት ፕሮግራም እንደ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳ፣ እብናትና ሊቦ ከምከም ባሉ ወረዳዎች ለምግብ እጥረት የተጋለጡ ቤተሰቦችን በሕዝብ ሥራ አሰማራ። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ተመደበ፤ የቀን ክፍያው መጀመሪያ ላይ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ሥራው እርከን መሥራት፣ ኩሬ መቆፈር፣ የገጠር መንገድ መክፈት ነው። አረጋውያንና መሥራት የማይችሉ ሳይሠሩ ይረዳሉ፤ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ከከባድ ሥራ ይታቀባሉ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጥርና የካቲት የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ወር ሆኑ፤ የገጠሩ ነዋሪ ሁሉ ያለ ክፍያ ይወጣል። በአንድ ጋይንት መንደር አንዱ ገበሬ በአንድ ወር ውስጥ ለአንዱ እርከን እህል ሊቀበል፣ ከጎኑ ላለው እርከን ምንም ላይቀበል ይችላል። ሁለቱም የሕዝብ ሥራ ተብሎ ይመዘገባል።

ክረምት ግን ክፍያውን አይጠይቅም። ከወንዝ ዳር እስከ ቀበሌ ማዕከል የተከፈተ ጥርጊያ መንገድ የጎን ቦይ ካልተቆፈረለት ሐምሌ ላይ ይቦረቦራል፤ በጥር እንደገና ይሠራል። ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ የቦዩ ርዝመት ቢለካ የብዙ ወረዳ ሪፖርት መልኩ ይለወጥ ነበር። ሪፖርት ላይ ግን አዲስ የተከፈተ ኪሎ ሜትር ጎልቶ ይታያል፤ የተጠረገ ፉካ አምድ የለውም።

በከተማዋ ያለው ግፊት ሌላ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ደብረ ታቦር ከ22 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ55 ሺህ አለፈች። ቤቱ ቀድሞ ይሠራል፣ መንገዱ ኋላ ይመጣል። አፈር ላይ የተተከለ አዲስ ሰፈር በክረምት እግር የሚያስጥል ጭቃ ይሆናል፤ ልጆች ጫማቸውን ይዘው ትምህርት ቤት ይደርሳሉ።

ኮብልስቶን የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ በድሬዳዋና በሌሎች ከተሞች የተጀመረው ሥራ በጥቂት ዓመታት በብዙ የአገሩ ከተሞች ተዛመተ። ጥቁር ድንጋይ ለደብረ ታቦር ብርቅ አይደለም፤ ደጋው ራሱ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ጠራቢው በመዶሻና በመሮ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ድንጋይ ያወጣል፤ አንጣፊው አሸዋ ላይ አንድ ባንድ እያስተካከለ ይደረድራል፤ ክፍተቱ በአሸዋ ይሞላል፤ በመጨረሻ ይጠቀጠቃል። ሥራው በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ወጣቶች፣ ለዩኒቨርሲቲ ምሩቃንም ጭምር የዕለት እንጀራ ሆነ። በአስፋልት ፋንታ እጅ የሚሠራበት መሆኑ ዋናው ቁም ነገር ነው፤ ገንዘቡ ማሽን ከመግዛት ይልቅ ደመወዝ ሆኖ ይከፈላል።

በብዙ ከተሞች ከኮብልስቶን ጋር የመጣው አዲስ ነገር መዋጮ ነው። የሰፈሩ ሰው ኮሚቴ ይመርጣል፤ ኮሚቴው ከየቤቱ ድርሻ ይሰበስባል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ቀሪውን ይሸፍናል። ከሁሉ በፊት መዋጮውን የሞላ ሰፈር ከሁሉ በፊት ይነጠፍለታል። ይህ አሠራር ከጭቃ ሹም ጉልበትም፣ ከማዘጋጃ ቤት ግብርም፣ ከቀበሌ ዘመቻም ይለያል፤ ነዋሪው ለይቶ ለሚያውቀው መንገድ፣ በሚያውቀው ኮሚቴ በኩል ይከፍላል። ጉዳቱም በዚያው ነው። የነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ሰፈር ቶሎ ይሞላል፤ ጠላ በመሸጥና በቀን ሥራ የሚተዳደረው ሰፈር ተራውን ይጠብቃል፤ ከላይ ያለው ሰፈር ሲነጠፍ ውኃው ፍጥነቱን ጨምሮ ታች ወዳለው፣ ገና ወዳልተነጠፈው ይወርዳል። ኮሚቴው የሚፈርመው ለራሱ መንገድ ነው፤ የውኃው መውረጃ ሌላ ሰፈር ውስጥ ነው።

ኮብልስቶን ከአስፋልት የሚሻልበት አንድ ነገር አለ። ሊነሣና ሊመለስ ይችላል። የውኃ ቧንቧ ሲቀበር ድንጋዩ አንድ ባንድ ተነሥቶ በጎን ይከመራል፤ ሥራው ሲያልቅ አሸዋው ተደልድሎ እንደ ነበረ ይነጠፋል። ይህን መሥራት የሚችሉት ደግሞ መንገዱን ያነጠፉት ያው ወጣቶች ናቸው። ችግሩ ቧንቧውን የሚቀብረው አንድ መሥሪያ ቤት፣ መንገዱን የሚያስተዳድረው ሌላ፣ መዋጮውን የከፈለው ደግሞ ነዋሪው መሆኑ ነው። ድንጋዩ በጎን እንደተከመረ ሰኔ ከገባ አሸዋው በመጀመሪያው ዝናብ ይታጠባል፤ ጉድጓዱ ይሰፋል፣ ዙሪያው ያለው ንጣፍም መላላት ይጀምራል። አንዳንድ ሰፈሮች መንገዱን ያሠራው ኮሚቴ እንዳይበተን አድርገዋል፤ ከክረምት በፊት ተሰብስቦ ቦይ ያስጠርጋል፣ የተነሣ ድንጋይ እንዲመለስ ማዘጋጃ ቤቱን ይወተውታል፣ ያልተመለሰውን በራሱ ገንዘብ ያስመልሳል። ሌሎች ሰፈሮች ደግሞ የኮሚቴውን ደብተር በምረቃው ቀን ዘግተዋል፤ እዚያ የሰመጠውን ለማስጠገን እንደገና ስብሰባ መጥራት፣ እንደገና ሊቀመንበር መምረጥና መዋጮውን ከዜሮ መጀመር ግድ ነው።